የፍራንክፈርት ሳጥን፣ የድሬ ጠረጴዛ

ካታን በተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ሳጥን ጎን ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ከ3 እስከ 4 ተጫዋች፣ ከ10 ዓመት በላይ፣ 75 ደቂቃ ገደማ። ጀርመን አገር ይህ የዋዛ ጽሑፍ አይደለም። ፍራንክፈርት ውስጥ አራት ሰው ለቅዳሜ ማታ ከተቀጣጠረ የሚመጣው አራት ሰው ነው። አምስተኛ ጓደኛ አስከትሎ መምጣት የፈለገ አስቀድሞ ያስፈቅዳል፤ ለአምስትና ለስድስት ሰው የሚሆነው ማሟያ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ግን አራቱ ለዶሚኖ ተቀምጠው ስድስቱ ቆመዋል። ከቆሙት አንዱ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ አንዱ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ሞተሩን ሳያጠፋ "ማን እየመራ ነው?" ይላል።

ዲያስፖራው ለእረፍት ሲመጣ ያንን ሳጥን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ይመጣል። አንድ ማታ ይከፈታል፣ ይሞከራል፣ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። "የእኛ ሰው ሕግ አይወድም፣ ትዕግሥትም የለው" የሚለው ወሬ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ወሬው ግን ልክ አይደለም። ጀርመን ሰው የሚሰበሰበው ለጨዋታው ብሎ ነው፤ ድሬ ሰው ድሮም ተሰብስቧል፣ ጨዋታው ነው ኋላ የሚደርሰው። አንዱ ዘንድ የተመቸ ሌላው ዘንድ እንቅፋት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የጀርመኑን ነገር የአየሩ ጠባይም ያግዘዋል። ታኅሣሥ ላይ ፍራንክፈርት ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ ውጭ መቀመጥ የለም፣ ቤት ለቤት መገናኘት ግድ ይላል። የዓመቱን ምርጥ ጨዋታ የሚሸልም ዳኛ ቡድን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው፤ ካታን በ1995 የወሰደው ይህንኑ ሽልማት ነው። ኤሰን ከተማ ላይ በየዓመቱ በኦክቶበር ለጨዋታ ብቻ ትልቅ ባዛር ይከፈታል። ቤት ውስጥ ደግሞ ጋባዡ የሕግ መጽሐፉን ቀድሞ አንብቦ ይጠብቃል፤ ሩብ ሰዓት ያስረዳል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ቺፕስ የበላ እጁን ሳይጠርግ ካርድ አይነካም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፅ ይቀነሳል። ዶሚኖ ከአገር ቤት የወሰደ አበሻ ይህችን ሰዓት በደንብ ያውቃታል፤ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ብርድ ልብስ አጥፎ ካላነጠፈ የታችኛው ፎቅ ሰው ደጁ ላይ ነው።

ወደ ዶሚኖው እንምጣ፤ "ሕግ አይወድም" ለሚለው መልሱ እዚያ ነው ያለው። ጠጠሩ 28 ነው። አራት ሰው ሰባት ሰባት ይወስዳል፣ የሚተርፍ የለም። ፊት ለፊት የተቀመጡት አንድ ወገን ናቸው። እያንዳንዱ ቁጥር የሚገኘው ሰባት ጠጠር ላይ ብቻ ነው። አምስት ያለባቸው አራት ጠጠሮች ጠረጴዛ ላይ ካሉ፣ ሁለቱን አንተ ከያዝክ፣ የቀረው አንድ ነው። ከግራህ ያለው ሰው ቅድም ጫፉ አምስት ሆኖ ሳለ "ፓስ" ብሎ ከነበረ፣ ያ አንድ ጠጠር ያለው ወይ ባልደረባህ ወይ የቀኙ ሰው እጅ ላይ ነው። ሰባተኛውን አምስት አሳርፎ ሁለቱንም ጫፍ አምስት ያደረገ ጨዋታውን ዘጋው፤ ከዚያ እጅ ላይ የቀረው ነጥብ ይቆጠራል፣ ያነሰው ወገን ያሸንፋል። ይህን ሁሉ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ኳስ እየተከራከረ በቃሉ የሚያሰላ ሰው ሕግ ይጠላል ማለት ዘበት ነው።

ጨዋታው ሰፈሩን የሚመጥነው ግን በስሌቱ ብቻ አይደለም። አንድ እጅ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ የቆመው ይቀመጣል። መሀል ላይ ስልክ ተደውሎለት የሄደ ሰው ማንንም አያጎድልም። ቆሞ የሚያየውም ተሳታፊ ነው፤ ለነገሩ የሁለት ሰው እጅ ያየ ሰው አፉን መያዝ ነበረበት፤ "አቦ ምን ነካህ! አምስት እኮ የለውም!" ይላታል፣ ጨዋታው ተበላሸ፣ ጭቅጭቁ ደራ።

ካታንን እዚህ መሀል ሲያስገቡት ምን ይሆናል? አቀማመጡ አያስቸግርም፦ 19 ባለስድስት ጎን ሰሌዳ ይገጣጠማል (እንጨት፣ ሱፍና ስንዴ አራት አራት፣ ጡብና ማዕድን ሦስት ሦስት፣ በረሃ አንድ)፣ ከበረሃው በቀር ሁሉም ላይ ቁጥር ይደረጋል፣ ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ላይ ቤት ያለው ካርድ ይወስዳል፣ 10 ነጥብ የሞላለት ያሸንፋል። ችግሩ ንግዱ ላይ ነው። በሕጉ መሠረት መለዋወጥ የሚቻለው ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እርስ በርስ መገበያየት አይችሉም። ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ዋጋ ሲያወርድና ሲያስወጣ ያደገ ሰው ይህን ሊቀበል አይፈልግም፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይደራደራሉ፣ የባለተራው ብልጫ ይጠፋል። ሁለተኛው ዱቤ ነው። "ጡቡን አሁን ስጠኝ፣ በሚቀጥለው ስንዴ እከፍልሃለሁ" ማለት ክልክል ነው፤ ካርድ በነፃ አይሰጥም፣ ልውውጡ እዚያው ማለቅ አለበት። ይህን ከመጀመሪያው ያልተናገረ ጋባዥ ማታውን ሙሉ ሲዳኝ ያመሻል። ሦስተኛው ሰባት ቁጥር ነው፤ ሁለት ዳይስ ከሚወድቅባቸው 36 መንገዶች በስድስቱ ሰባት ይወጣል፣ ከየትኛውም ቁጥር ይበልጣል። ያኔ ዘራፊው (ያረፈበትን ሰሌዳ ምርት የሚያስቆመውና እዚያ ቤት ካለው ሰው ካርድ የሚያሰርቀው ቅርጽ) ይንቀሳቀሳል፣ ከሰባት ካርድ በላይ የያዘ ግማሹን ይጥላል። ቋሚ ተመልካች የማን እጅ እንደሞላ ጮክ ብሎ ሲያወራ ዘራፊው የት እንደሚያርፍ ታወቀ ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የተሸነፈው የማይነሳ መሆኑ ነው፤ ስድስቱ ሰዎች አንድ ሰዓት ከሩብ አይቆሙም።

ዳይስና ካርታ ሲታይ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ቤቶች እንዳሉም መርሳት የለም። ለአንዳንዱ እናት ካርታ ማለት ቁማር ነው፤ በሃይማኖት ምክንያት ዳይስ የማይነኩ ብዙ ናቸው። ገንዘብ የለበትም ብሎ መከራከር የእንግዳ ሥራ አይደለም። ዳይስ የሌለው ጨዋታ ሞልቷል።

ለዶሚኖ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ክዊርክል ነው። 108 የእንጨት ጠጠር፣ ስድስት ቅርጽ በስድስት ቀለም፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት። ሰው ስድስት ይይዛል፤ በአንድ መስመር ወይ ቀለሙ አንድ ሆኖ ቅርጹ ይለያያል፣ ወይ ቅርጹ አንድ ሆኖ ቀለሙ ይለያያል፣ መደገም የለም። ስድስተኛውን አስገብቶ መስመሩን የሞላ 12 ነጥብ ያገኛል፤ ስለዚህ አምስተኛውን ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ሰው ማብላት ነው። ይህን ለዶሚኖ ተጫዋች ማስረዳት አያስፈልግም፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ራሱ ይደርስበታል። ጽሑፍ የለበትም፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ የሚናገር ሁሉ እኩል ይጫወታል። ነፋስም አይወስደውም።

ነፋሱ ቀልድ አይደለም። ድሬ ላይ ያለ ቬንትሌተር ካርድ መጫወት ይከብዳል፣ በቬንትሌተር ደግሞ ካርዱ ይበናል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ግማሹን ችግር ይፈታል፤ ለቀረው የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን የካርዱ ክምር ላይ መጫን ነው። ላብ የነካው ካርድ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ አቧራ ሲገባበት ጠርዙ ይበላል፤ የፕላስቲክ ልባስ ከጀርመን ይዞ መምጣት ይሻላል፣ የካታን ካርድ ግን ከተለመደው ያነሰ፣ 54 በ80 ሚሊሜትር ስለሆነ መጠኑን አይቶ ነው የሚገዛው። አዙል ድንቅ ጨዋታ ነው፣ ግን የተጫዋቹ ሰሌዳ ጠጠሩን የሚይዝበት ጉድጓድ የለውም። ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ አንድ ሰው እግሩን ሲዘረጋ 100ው ጠጠር ይበተናል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሰሌዳውን ትሪ ላይ ማድረግ ያድነዋል። መብራት ከጠፋ የስልክ ባትሪ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ሥር ማብራት ብርሃኑን ይበትነዋል። የባቢሌ ለውዝ ከቀረበ ልጣጩ ሳጥን ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ከመዘጋቱ በፊት ጠጠሩን ቆጥሮ ማራገፍ ነው። የጎደለ ዕቃ ጀርመን ለአሳታሚው ተጽፎ በፖስታ ይመጣል፤ እዚህ ዳማን ስንት ዘመን ያጫወተው ቆርኪ አለ።

በባቡር ለተቆረቆረች ከተማ (ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ነው የደረሰው) ቲኬት ቱ ራይድ የተባለው የሐዲድ ጨዋታ ይስማማል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። እውነትም ይወደዳል፦ ለሰው 45 ፉርጎ ይሰጠዋል፣ ስድስት ፉርጎ የሚፈጅ መስመር 15 ነጥብ ያስገኛል፣ የአንድ ሰው ፉርጎ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መጨረሻው ደረሰ። ግን አምስት ሰው ላይ ይቆማል።

ብዙ ሰው ላለበት ቤት ኮድኔምስ የተባለውን በቡድን ቃል የመገመት ጨዋታ የሚያህል የለም፤ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። 25 ቁራጭ ወረቀት ላይ 25 ስም ጽፎ አምስት በአምስት መደርደር፣ ከዚያ ለሁለቱ መሪዎች ብቻ የሚታይ ቁልፍ መሳል፦ 9 ቃል ለጀማሪው ቡድን፣ 8 ለሁለተኛው፣ 7 የማንም ያልሆነ፣ 1 ገዳይ (እሱን የነካ ቡድን ያኔውኑ ይሸነፋል)። መሪው አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ቡድኑ ይገምታል። ግመልና ሐዲድ የእሱ ከሆኑ "በረሃ፣ ሁለት" ይላል፤ ጅቡቲ ገዳይ ሆና እዚያው ተቀምጣ ከሆነ ግን ተበላ፣ ድሬ ልጅ በረሃ ሲባል መጀመሪያ የሚነካው እሷን ነው። ፍንጩ ስም ብቻ ይሁን፤ አማርኛ ግስ ከተፈቀደ አድራጊውም ተደራጊውም አንዷ ቃል ውስጥ ገብተው መሪው ሙሉ መልእክት ያስተላልፍባታል። የቆመው ሁሉ አንዱን ቡድን ይቀላቀላል፣ ማውራቱም ሕጋዊ ይሆንለታል። ቁልፉን ስልክ ላይ ፎቶ አንስቶ መያዝ የሚቀል ይመስላል፤ መሪው ሲደወልለት አንስቶ ጆሮው ላይ ሲያደርገው መልሱን ከኋላ የቆመው ሁሉ ያየዋልና ወረቀት ይሻላል።