«ገላገልነው» ለምትሉ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ወገኖቼ፤ የዛሬው ነገሬ ለእኛው ለራሳችን ነው። እንግዳ ቢሰማንም ይስማን፤ የሚያሳፍረው መሰማቱ ሳይሆን ሥራችን ነው።

ጅብ በሌሊት መኪና ገጭቶት ጎህ ሲቀድ አስፋልት ዳር ወድቆ ሲገኝ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ይቆማል። ስልክ ይወጣል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ይከባሉ፤ አንዱ ጠጠር ይወረውራል። እንስሳው ጥርሱን ሲያሳይ ጠጠሩ ድንጋይ ይሆናል፣ ድንጋዩም ብሎኬት ይሆናል። ጭንቅላቱ ደቆ ጸጥ ሲል አንድ ትልቅ ሰው እጁን እያራገፈ ከመሐል ይወጣና «ገላገልነው» ይላል። የከበበው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ከምን ገላገልነው? ከስቃዩ ነው እንዳትሉኝ። ስቃዩ አሳዝኖን ቢሆን ኖሮ አንስቅም፣ ሲንፈራገጥ አንቀርጽም፣ ልጆቻችንን ከፊት አናቆምም ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ያሉት አባቶች ምሳር ያነሳውን ሰው ርኅሩኅ አላሉትም።

የዱር እንስሳ በምንም ምክንያት አይገደል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። አከርካሪው ተሰብሮ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ የሚያጣጥር ድኩላ፣ አንጀቱ የወጣ ሚዳቋ፣ የመዳን ተስፋ የሌለው ማንኛውም ፍጡር ፈጥኖ ቢያርፍ ይሻለዋል። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ አካል ነው፤ ሐኪሙም ሲያደርገው አያፍርበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ተስፋ የለውም ብሎ የፈረደው ማን ነው? በእጁስ የያዘው ምንድን ነው?

ፍርዳችን ስንት ጊዜ እንደሚስት ልንገራችሁ። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ወደ ዓባይ፣ ወይም ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ከጨረጨራ በኩል ጉማሬ ስታዩ ከቆዳው ላይ ቀላ ያለ ፈሳሽ ሲወርድ ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ቆስሏል፣ እየደማ ነው» ይላል። ደም አይደለም። ቆዳው ራሱ የሚያመነጨው፣ ከፀሐይ ቃጠሎና ከጀርም የሚጠብቀው ፈሳሽ ነው። ወንዶቹ ሲጣሉ ደግሞ በክራንቻቸው ተቀዳደው የሚያስደነግጥ ቁስል ይዘው ይወጣሉ፤ ያንን ቁስል ውሃ ውስጥ እየዋሉ፣ ማታ ሣር እየጋጡ ያድኑታል። የሸመገለ ወንድ ጉማሬ ቆዳው ጠባሳ በጠባሳ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቡ የኛ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ «እንገላግለው» ባልን ነበር።

ጅብም እንዲሁ ነው። አንድ እግሩ ተሰብሮ ወይም በወጥመድ ተቆርጦ በሦስት እግሩ ዓመታት የሚኖር ጅብ አለ። ወፍማ አይነሳ። መስታወት ወይም የመብራት ሽቦ መትቶት የወደቀ ወፍ ዓይኑን ገልብጦ ምንቃሩን ከፍቶ ስታዩት የሞተ ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ ደንግጦ ነው። አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ፣ በጨለማና በጸጥታ ቢቀመጥ አንዳንዱ ጥቂት ቆይቶ ተነስቶ ይበራል። ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በሸሸርና በዋለላ ረግረግ በጋውን የሚያሳልፉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከሰሜን አውሮፓ በርረው የመጡ ናቸው። ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ ያለፈ ወፍ እኛ ዘንድ መጥቶ በእረኛ ዱላ «ይገላገላል»።

ዓሣ አስጋሪ ወንድሞቼም ብትሰሙኝ። መረብ ውስጥ የገባውን የውሃ ወፍ ወይም አርጃኖ መረቡ እንዳይቆረጥ ብላችሁ አንገቱን የምትጠመዝዙ አላችሁ። የመረብ ዋጋ መናሩን አውቃለሁ። ግን እሱን ምሕረት አትበሉት፤ መረቤን አድንኩ በሉ፣ ቢያንስ እውነት ይሆናል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅና እሱን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንንም ሆነ ሥጋውን፣ ቆዳውን፣ ጥርሱን ይዞ መገኘትን ይከለክላሉ። ጥፋቱ በገንዘብም በእስራትም ያስቀጣል። ቆስሎ አገኘሁት ማለት ፈቃድ አይሆንም። እንስሳው የኔም የአንተም አይደለም፤ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ለጥበቃው ኃላፊነት የተሰጠው መሥሪያ ቤትም አለ። ሊበላህ የመጣን አውሬ መመከት ሌላ ነገር ነው፤ ነፍስህን አድን፣ ማንም አይወቅስህም። መንገድ ዳር ወድቆ የሚያቃስት ጅብ ግን ማንን ሊበላ ነው?

ፍርድ ሰጪዎቹ እነማን እንደሆኑ ደግሞ ልብ በሉ። ዘንዶው ሳይሞት ሞራውን የተካፈሉ ሰዎች አሉ። ጅቡ ሳይቀዘቅዝ ቢላ ይዞ የሚደርስ ሰው አለ፤ የሚፈልገውን ቁራጭ፣ ለማን እንደሚሸጠው፣ ለምን ዓይነት መተት እንደሚሆን እሱም እናንተም ታውቃላችሁ። የጉማሬ ቆዳ ለአለንጋ፣ የድኩላ ሥጋ ለጥብስ። እንዲህ ያለውን ነው አዛኝ ቅቤ አንጓች የምንለው። ከሞቱ የሚያተርፍ ሰው የሞቱ ዳኛ ሊሆን አይችልም። አስከሬኑ ለማንም የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ ርኅሩኆች ስንቱ ከመኪናው ይወርድ ነበር?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ እጃችሁን ታጥባችሁ የቆማችሁትን ነው። «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ እሱ ያውቃል» ብላችሁ የምታልፉ። በዚህ ነገር ያለብን በሽታ የቆየ ነው። አህያ እግሯ ሲሰበር፣ የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ምን እናደርጋለን? የአህያ ደም በእጄ አይፈስም እንልና ከከተማ ዳር አውጥተን እንጥላታለን። ማታ ጅብ ይመጣል። ሳትሞት ሆዷን ይዘረግፋታል። ዕድሜ ልኳን ጤፍና ሲሚንቶ ያመላለሰችን እንስሳ በዚያ ጨለማ ስትጮህ ባለቤቷ ቤቱ ተኝቷል፤ እጁ ንጹሕ ነው፣ ደም አልነካውም። እኔ ይህን ንጽሕና አልቀበለውም። ይህ ነውር እስኪጠፋ ድረስ ስለ ዱር እንስሳ ርኅራኄ ብዙ ባንመጻደቅ ይሻላል። ባለቤት ያለው እንስሳ የእንስሳት ሐኪም አለለት። ክፍያው ከአንድ ቀን የጋሪ ገቢ ቢበልጥ እንኳ ይገባታል።

የዱር እንስሳውን በተመለከተ የፈጣሪ ሥራ የሚባለው የቱ እንደሆነ እንለይ። ጫካ ውስጥ ነብር የነከሰውን ሚዳቋ አትንኩ። እሱ የነሱ ኑሮ ነው፤ ከሞተውም ጅቡ፣ አሞራው፣ አባ ኮዳው ይበላል። በመኪና የተገጨውን፣ በሽቦ ወጥመድ የታነቀውን፣ በመረብ የተያዘውን፣ በመብራት መስመር የተቃጠለውን ግን ፈጣሪ አላደረገውም። እኛ ነን ያደረግነው። እሱን ጥሎ መሄድ የገጨውን ሾፌር መሸሽ መድገም ነው።

ታዲያ ተስፋ ከሌለው ማን ይግደለው? የተማረውና የተፈቀደለት ሰው። አንድ ጥይት በትክክለኛ ቦታ ወይም ሐኪም የሚሰጠው መርፌ፣ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ያበቃል። ድንጋይ፣ ዱላና ገጀራ ባልሠለጠነ እጅ ሞቱን ያንዘላዝለዋል። ሽጉጥ አለኝ የምትል ደግሞ እባክህ አስቀምጠው። ሰው በከበበበት፣ አስፋልት ላይ ነጥሮ የማን ደረት እንደሚያገኝ አታውቅም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ የተኩስ ድምፅ ሰፈሩን በሌላ ምክንያት ያስደነብረዋል።

መርፌው የራሱ ጣጣ አለው። በመርፌ ለመግደል የሚውለው ኃይለኛ ማደንዘዣ በሬሳው ውስጥ ይቀራል። ያንን ሬሳ ሜዳ ላይ ብትጥሉት የበላው ጥንብ አንሳ አብሮ ይሞታል። ከጥንብ አንሳዎቻችን መካከል በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ የተመዘገቡ አሉ። ስለዚህ በመርፌ የሞተ እንስሳ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ለውሻም ያው ነው።

አንድ የሚከብድ ጥያቄ ይቀራል፤ አልሸሸውም። ከጢስ ዓባይ ስትመለሱ በምሽት፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ ወገቡ የተሰበረ ድኩላ ብታገኙስ? የሚመጣ የለም፤ እስኪነጋ ይሰቃያል። በዚያ ሰዓት አጥርቶ፣ በአንድ ምት ያሳረፈውን ሰው በልቤ አልኮንነውም። ሕጉ ግን ይጠይቀዋል፤ መጠየቁም ደግ ነው። ያ ሰው በማግስቱ ሄዶ «እንዲህ አድርጌአለሁ፣ ሬሳው እዚህ ቦታ አለ» ብሎ ካመለከተ፣ ከሥጋው አንድ ጉርሻ ካልነካ፣ ያደረገውን በፊታችሁ ይናገር። ሥጋውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ የከተተው ግን ስለ ምሕረት አያውራን።

ዕለቱን የምታደርጉት ብዙ አይደለም፣ ግን በቶሎ ነው። ሰዉን አርቁ፤ ለዱር እንስሳ የሰው ከበባ ራሱ የሚገድል ነገር ነው፣ በድንጋጤ ብቻ ጡንቻውም ልቡም ይጎዳል። መኪና አስቁሙ፣ ዝም በሉ። ትንሽ እንስሳ ወይም ወፍ ከሆነ ዓይኑን በነጠላ ሸፍኑት። በአፉ ውሃ አታፍሱበት፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል። ባጃጅ ላይ አትጫኑት። ጉማሬ ከሆነ በእሱና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ፤ የቆሰለ ጉማሬ የቆሰለ አይመስልም፣ ሩጫውም ከእናንተ ይበልጣል። ከዚያ ቀበሌውን፣ የግብርናውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ የክልሉን የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ጥሩ። ከተማችን የእንስሳት ጤና ምርመራ ላቦራቶሪ ያለባት፣ ጎንደርም የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያላት ናት፤ ባለሙያ የለም አንልም።

ለእናቶችና ለአባቶች ለብቻው የምለው አለ። ሰው የማይፈራ ቀበሮ ወይም ጅብ፣ በቀን ሰፈር መሐል የሚንገዳገድ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጅ በድንጋይ እየቀጠቀጠ ወደ አፉ እንዲጠጋ የሚተውለት እንስሳ አይደለም። የነከሰው ወይም ለሀጩ ቁስል ላይ ያረፈበት ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጸበሉን ከክትባቱ ጋር ያድርገው፣ በክትባቱ ፋንታ አይደለም።

ጣናን በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብልን ደስ ብሎናል። እንግዲህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ መንገድና ውሃ ስንጠይቅ ይህንንም አብረን እንጠይቅ፦ የቆሰለ የዱር እንስሳ ስናገኝ የምንደውልበት ቁጥር የትኛው ነው? በሌሊት ማን ያነሳዋል? የሚያደነዝዘው መድኃኒትና መተኮሻው የት ተቀምጧል፣ ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ሬሳውን የሚቀብረው ማን ነው? መልስ የሚሰጠን ከጠፋ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝልንና ፈርመን እንውጣ።