ኔትወርክ የሌለው ሰው ዘፈን አይስማ ወይ?

ዛሬስ ዝም አልልም። የማወራው ስለ አንድ ታብሌትና በኢንተርኔት ዘፈን ስለሚያሰማ አንድ አፕ ነው። "ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ይሄም ብሶት ሆኖ!" የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩኝ፣ ልጨርስ።

እኔ ደብረ ብርሃን የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ ነኝ፤ ያለ ዘፈን ደግሞ ሥራ አይገፋልኝም። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ጣት መርፌ አልይዝም ሲል፣ አንድ ጥሩ ዘፈን ካልተከፈተ ማሽኑም አይነሣም። ታብሌቱን የላከችልኝ ዓረብ አገር ያለችው እህቴ ናት። የአፑን ወርሃዊ ክፍያም የምትከፍለው እሷው ናት፤ እዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ለኔ ቢጤ ቀላል አይደለም። ሰው ቤት ሠርታ ካገኘችው ላይ ቀንሳ ነው። እና ይሄ አፕ ባጉላላኝ ቁጥር የሚያንገበግበኝ የሷ ድካም ነው።

ታብሌቱ ካርቶኑ ላይ 32 ጊጋ ይላል። ሲከፈት 29.8 ነው የሚያሳየው። ይሄ የአቆጣጠር ጉዳይ ነው፤ አምራቹ አንዱን ጊጋ በ1,000 ሜጋ ይቆጥራል፣ መሣሪያው ደግሞ በ1,024። እሺ ይሁን። ከዚያ ሲስተሙ የራሱን ይወስዳል። አብረውት የመጡት፣ ማንም ያልጠየቃቸው አፖችም አሉ፤ ብዙዎቹን "ዲሴብል" ከማድረግ በቀር ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ለእኔ የሚተርፈኝ ግማሽ ቢሆን ነው።

በዚያ ግማሽ ላይ እንጀራዬም አለ። ደንበኛ የቀሚስ ዲዛይን የሚልክልኝ በቴሌግራም ነው። አንዲት ሙሽራ ብቻዋን የጥልፍ ፎቶ ከነቪዲዮው ስትደረድርልኝ ታመሻለች። እርግጥ ነው፣ ቴሌግራምም ቦታ ይበላል። ግን ሴቲንጉ ውስጥ ስገባ ፎቶው ስንት፣ ቪዲዮው ስንት እንደያዘ ለይቶ ያሳየኛል። ያየሁትን ከአንድ ሳምንት በኋላ ከታብሌቱ ላይ አንሣ ብለው ያነሣል፤ ስፈልገው መልሼ አወርደዋለሁ። ከፍተኛውን መጠንም እኔ ነኝ የምወስነው። ያላደረጋችሁት ካላችሁ አሁኑኑ ግቡና አስተካክሉት፣ ብዙ ጊጋ ታተርፋላችሁ።

የምንከፍልበት የዘፈን አፕ ይሄን ማድረግ ምን ያቅተዋል?

የኔው አፕ አያደርገውም። ዘፈኑን ዳውንሎድ ባላደርገውም፣ በኢንተርኔት ስሰማው ብቻ፣ ኮፒው ታብሌቱ ላይ ይቀራል። ካሽ የሚሉት ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ያንኑ ዘፈን ደግሜ ስከፍት ዳታ አይቆጥርብኝም። ግን እስከ ስንት ጊጋ ይያዝ? ማን ፈቀደለት? የት ላይ ነው የማቆመው? ሥራ መሀል ደንበኛ ቆማ የላከችውን ዲዛይን ልከፍት ስል "ስቶሬጅ ፉል" ይለኛል። ሴቲንግ ገብቼ ሳየው ከሁሉም በላይ ቦታ የያዘው እሱ ነው። ደንበኛዋ ቆማለች፣ እኔ ታብሌት እጠርጋለሁ።

መጥረጉም የራሱ ጣጣ አለው። "ክሊር ካሽ" እና "ክሊር ዳታ" የሚሉት ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜያዊውን ብቻ ያነሣል። ሁለተኛው ሁሉንም ያጠፋል፤ ዳውንሎድ የተደረገውን ዘፈን ሁሉ ጠርጎ ከአካውንትም ያስወጣል። አንድ ጊዜ ታብሌቱ ተንቀራፎብኝ ለጥገና ሰጠሁት። ጠጋኙ ልጅ "ቦታ አስለቀቅኩልህ" ብሎ በደስታ መለሰልኝ። ስከፍተው አንድ ዘፈን የለም። በስንት ሌሊት ጥቅል የተጫነ! ልጁ ክፉ አስቦ አይደለም፣ እዚያ ላይ "የጫንካቸው ዘፈኖች በሙሉ ይጠፋሉ" የሚል በአማርኛ የተጻፈ ነገር ቢኖር ኖሮ አይነካውም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ድምፁ ኳሊቲ፣ ወደ ጥራቱ እንምጣ። በእንዲህ ያሉ አፖች የተለመዱት ደረጃዎች 96፣ 160 እና 320 ኪሎቢት በሰከንድ ናቸው። ይሄ ቁጥር ለሰው ምን ይነግረዋል? ምንም። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የአማርኛ ዘፈን ረዘም ይላል፣ 6 ደቂቃ እንበል። በ320 ሲጫን 14.4 ሜጋ ይወስዳል። በ160 ሲሆን 7.2 ሜጋ። በ96 ሲሆን 4.3 ሜጋ ገደማ። ስለዚህ አንድ ጊጋ ቦታ ላይ በ320 ብትጭኑ 70 ያህል ዘፈን ይገባል፣ በ96 ብትጭኑ 230 ያህል። ይሄን የሚያህል ልዩነት! ዳታውም በዚያው ልክ ነው። "ይሄ አልበም በዚህ ኳሊቲ ይሄን ያህል ሜጋ ይወስዳል፣ ያለህ ቦታ ይሄን ያህል ነው" ብሎ አስቀድሞ መንገር ለነሱ ምን ከባድ ሥራ ነው? ቁጥሩ እኮ እነሱ ዘንድ አለ።

ማሽን በሚጮህበት ክፍል፣ በታብሌቱ ስፒከር፣ 96 ለኔ ይበቃኛል። በገና ሲሆን ግን ሌላ ነው። በገና ላይ በአውታሩ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ ያ ነዝሮ ነዝሮ ሆድ ውስጥ የሚገባው ድምፅ የሚመጣው ከሷ ነው። ኳሊቲው በጣም ሲወርድ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚደረደር ይመስላል። እናቴ ደግሞ ይሄን ታውቃለች። ታብሌት አታውቅም፣ በገና ታውቃለች። እና የምፈልገው በገናውን በከፍተኛ፣ የሥራ ዘፈኑን በዝቅተኛ መጫን ነው። አፑ ለሁሉም አንድ ምርጫ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ብቀይረውም ቀድሞ የተጫነው እንዳለ ይቀመጣል፣ አጥፍቼ እንደገና ማውረድ አለብኝ። እንደገና ማውረድ ማለት እንደገና ብር ማለት ነው።

"ሜሞሪ ካርድ ጨምርበት" ትሉኛላችሁ። ጨመርኩበት! ላዩ ላይ 128 ጊጋ ይላል፣ ታብሌቱም ያንኑ ያህል ነው ብሎ ያነበዋል። ጥቂት ጊጋ ከገባበት በኋላ ዘፈኑ መቆራረጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ አልከፈት አለ። ነገሩ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ትንሽ ቦታ ያለውን ካርድ ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲናገር አድርገው ይሠሩታል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይም ጭራሹን የትም አይቀመጥም። ካርዱን በማየት አይታወቅም። እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ፣ በሱ መፈተን ብቻ ነው መፍትሔው። የሸጠልኝን ሰው አልረግመውም፣ እሱም ከላይ ገዝቶ ነው የሚያመጣው። ግን የሚቃጠለው የማን ገንዘብ ነው?

እውነተኛ ካርድ ቢገኝም ነገሩ አያልቅም። አንዳንዱ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳውንሎዱ ካርድ ላይ ይቀመጥ ማለት ትችላላችሁ። የኔውም ይፈቅድ ነበር። አፕዴት ከተደረገ በኋላ ሳይነግረኝ ወደ ውስጥ ስቶሬጅ ተመለሰ። አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ካርድን እንደ ውስጥ ስቶሬጅ አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይችላል፤ ሁሉም አምራች ግን አልፈቀደውም፣ የኔም ታብሌት ላይ የለም። ካርዱን ነቅዬ እናቴ ስልክ ውስጥ ብከተውም ዘፈኑ አይጫወትም። ፋይሉ የተቆለፈ ነው፣ ከዚያው አፕና ከዚያው አካውንት ውጭ አይከፈትም።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። የማልችለው የ30 ቀኑን ነገር ነው።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዘፈን ዳውንሎድ አድርጋችሁ ያለ ኢንተርኔት መስማት ትችላላችሁ፣ ለዚህም ነው ክፍያው። ነገር ግን ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ካልወጣችሁ የጫናችሁት ሁሉ ይቆለፋል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፣ መኖሩንም አያውቀውም። እኔ እናቴ ያለችው መንዝ ነው። ከጣርማበር ታጥፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ስትሄዱ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ አልፎ አልፎ ጭራሽ የለም። ሰው ዳውንሎድ የሚያደርገው ለእንዲህ ያለው አገር አይደለም እንዴ?

በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። 30 ቀን አይደለም፣ ወራት! ታብሌቱን እናቴ ጋ ትቼላት ነበር፣ ብቻዋን ስለሆነች ድምፅ ይሁናት ብዬ። ለዐቢይ ጾም ስሄድ ከፈትኩት። የበገናው ስም አለ፣ ፎቶው አለ፣ ሁሉም ግን ግራጫ ሆኗል። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። የምትፈትለው የበግ ፀጉር ጭኗ ላይ እንዳለ፣ በጣቷ ፎቶውን ትነካዋለች፣ ደግማ ትነካዋለች። "ልጄ፣ የበደልኩት ነገር አለ እንዴ? ድሮ ስነካው ይናገር ነበር" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ክፍያው አልተቋረጠም። እህቴ በየወሩ እየከፈለች ነው። ዘፈኑ እዚያው ታብሌት ውስጥ ነው፣ ቦታም ይዟል፣ ጊጋ ሙሉ ቦታ! ለሌላ ነገር እንዳንጠቀምበት ይዟል፣ እሱም አይጫወትም።

የቁልፉን ምክንያት አውቃለሁ። አባልነቱ አለመቋረጡን ማረጋገጥ አለባቸው። የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተሰማም መቁጠር አለባቸው፣ የዘፋኙና የመብት ባለቤቱ ክፍያ የሚሰላው ከዚያ ነው። ይሄን አልቃወምም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ድሮ ሱቅ ሄደን በጥቂት ብር ሜሞሪ ሙሉ ዘፈን እናስጭን ነበር። ለኛ ምቹ ነበር፤ ቦታው የኛ፣ ዘፈኑም የትም ይሠራል። ዘፋኙ ግን ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። ዕድሜውን ሙሉ መሰንቆ ይዞ የኖረ ሰው በዘፈኑ ሌላው ሲያተርፍ ማየት ያማል። አሁንም ጎረቤቶቼ "ምን አስቸገረህ፣ እንደ ድሮው አስጭን" ይሉኛል። አልፈልግም! በአግባቡ ከፍዬ መስማት እፈልጋለሁ። በአግባቡ የከፈለ ሰው ካልከፈለው የባሰ የሚጉላላ ከሆነ ግን ሰዉ ወደ የትኛው እንደሚሄድ ግልጽ ነው፣ ተጎጂውም ያው ዘፋኙ ነው።

መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። ክፍያው ለስንት ጊዜ እንደተከፈለ ያውቃሉ። የስድስት ወር አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ስድስት ወር ይክፈቱለት። ቆጠራው ታብሌቱ ላይ ይጠራቀምና ኔትወርክ የተገኘ ዕለት ይላክ። ኢንተርኔት በሌለበት ብዙ ቦታ የስልክ መልእክት ይሠራል፤ በመልእክት በሚመጣ ኮድ የሚከፈት ያድርጉት። ለባንክ የሚሆነው ለዘፈን ለምን አይሆንም? ቦታውንም በተመለከተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመጫኑ በፊት ሜጋውን ይንገሩኝ። ካሹ እስከ ስንት ይሁን የሚለውን እኔ ልወስን። ለዚህ አልበም ይሄ ኳሊቲ፣ ለዚያ ያኛው ማለት ልቻል። ካርድ ላይ ያልኩትን ካርድ ላይ ይተዉልኝ።

ይሄን ሁሉ በእንግሊዝኛ አስጽፌ ለደንበኛ አገልግሎታቸው ልኬያለሁ። የመጣልኝ መልስ "አፑን አጥፍተህ እንደገና ጫነው" የሚል ነው። አጥፍቶ መጫን ማለት ሁሉንም ዘፈን እንደገና ማውረድ ማለት መሆኑን የጻፈልኝ ሰው ያወቀው አይመስለኝም። እሱ ያለበት አገር ዋይፋይ እንደ ልብ ነው መሰለኝ። ስለዚህ እንደኔ የተቸገራችሁ ካላችሁ እናንተም ጻፉላቸው፤ አንድ ሰው ሲጽፍ አይሰሙም፣ ብዙ ሰው ሲጽፍ ግን ሳይወዱ ያነቡታል። አፑን ያወረዳችሁበት ገጽ ላይም አስተያየት መጻፊያ አለ፣ በአማርኛም መጻፍ ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ተባበሩኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ካርዱን እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ሞልቶ፣ ፈትኖ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። 64 ጊጋም ይበቃኛል፣ እውነተኛ ይሁን እንጂ። ቅዳሜ ወደ መንዝ ስለምሄድ ከዚያ በፊት ብታደርሱኝ ደስ ይለኛል።