ባንክ ከደሴ በፊት ጎሬ ገብቷል

የባንክ ታሪካችን ሲወራ ሁሌ አዲስ አበባ ተጀምሮ አዲስ አበባ ያልቃል። ምኒልክ፣ አቢሲንያ ባንክ፣ 1906፣ በቃ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ደሞ የማወራው ስለ ድሮው አቢሲንያ ባንክ ነው፣ ያሁኑ በስም ብቻ ነው የሚመሳሰለው።) እኔን ግን የሚከነክነኝ ጎሬ ነው። አዎ፣ የኢሉባቦሩ ጎሬ። ባንኩ ሐረር በ1906፣ ድሬዳዋ በ1908 ቅርንጫፍ ከፈተና ቀጥሎ በ1912 የሄደው ጎሬ ነው፣ ደሴ እንኳን እስከ 1920 ጠብቃለች።

ለምን ጎሬ? ቡና ነዋ! በ1902 ምኒልክ ያኔ ሱዳንን ይገዙ ከነበሩት እንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፣ ከዛ በኋላ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል፣ ውሃው ሲጎድል ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የዓመቱ ንግድ በሙሉ እነዛ ጥቂት ወራት ውስጥ ማለቅ አለበት። ቡናው ከደጋው በበቅሎና በሰው ጫንቃ ነው የሚወርደው፣ ጎሬ ደግሞ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ናት፣ ቡናው የሚሰበሰበው፣ ነጋዴው የሚያድረው፣ ሒሳብ የሚዘጋው እዛ ነው።

እስቲ ገንዘቡን ደግሞ አስቡት። ያኔ ብር ማለት ጠገራ ነው፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ሳንቲም፣ አንዱ 28 ግራም ገደማ። ሺህ ብር ማለት 28 ኪሎ ብረት ነው! ቡና ለመግዛት አምስት ሺህ ብር ይዞ የሚወርድ ነጋዴ 140 ኪሎ ተሸክሞ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሽፍታ ፈርቶ ነው የሚሄደው። ሻጩም ዝም ብሎ አይቀበልም፣ አንድ በአንድ እያገላበጠ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያለው ፍሬ ጎልቶ መታየቱን ያያል፣ ያለቀ ከሆነ ይመልሰዋል። ባንኩ በ1915 የወረቀት ብር ቢያወጣም ከከተማና ከነጋዴው አልፎ ብዙም አልሄደም፣ ገበሬው የሚያምነው የሚያቃጭለውን ነበር። እንዲህ ባለ አገር አዲስ አበባ ገንዘብ አስገብቶ፣ የባንክ ወረቀት ብቻ ይዞ ወርዶ፣ ጎሬ ላይ ማውጣት ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ለመገመት ነጋዴ መሆን አያስፈልግም።

የከተማ ዋና መንገድ፣ ሱቅና መጋዘን የተደረደረበት፣ የሚፈጠረውም እንደዚህ ነው። ባንክ ባለበት የውጭ ነጋዴ ይመጣል፣ ግሪክ በሉት ሌላ፣ መጋዘን ይሠራል፣ እንግሊዝም ጎሬ ላይ ቆንስላ ነበራት። በ1936 አዲስ አበባ ስትያዝ የተረፈው መንግሥት ራስ እምሩን ይዞ የተጠለለው ጎሬ መሆኑ ደግሞ ድንገት አይመስለኝም፣ ገንዘብ፣ ወደ ሱዳን መውጫና የውጭ ሰው ያለባት ከተማ ነበረቻ። አቢሲንያ ባንክ በ1931 ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ሲዞርም የጎሬ ቅርንጫፍ ቀጥሏል፣ ጣልያን ገብቶ ባንኩን እስኪዘጋው ድረስ።

ከዛ የሆነው ያሳዝናል። በ1956 ሱዳን ነፃ ወጣች፣ ጋምቤላ ተመለሰች፣ የወንዙ ንግድ ቀዘቀዘ፣ ቡናው በመኪና ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። የኢሉባቦር ዋና ከተማነቱንም መቱ ወሰደች። ከተማ ሲደኸይ ደሞ መጀመሪያ የሚረሳው አሮጌው መንገድ ነው፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ማንም ሰነድ አይዝም።

እኔ ሙዚየም ይሠራ አላልኩም፣ እሱ ብዙ ብር ይፈልጋል። ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌ ቤት እንዲፈርስ ከመፍቀዱ በፊት ፎቶ ያንሳ፣ ስፋቱን ይለካ፣ ማን ምን ይነግድበት እንደነበር ጎረቤት ጠይቆ ይጻፍ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ጎሬ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ያንን መንገድ በልጅነታቸው የተመላለሱበት አያት ካሉ ስልካችሁን ፊታቸው አስቀምጡና የትኛው ቤት የማን ሱቅ እንደነበር ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እያስቆጠራችሁ ቅዷቸው፣ ባንክ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ቆም አድርጓቸው።