ስምንት ቦታ የተቆራረጠው እባብ

ትናንት ማታ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ አንድ ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ስምንት ቦታ የተቆራረጠ እባብ ተስሎበታል። ከሥሩ «ተባበር ወይም ሙት» ይላል። የቤት ሥራ ነው።

ገና በደንብ ሳላየው «አውቀዋለሁ! የአሜሪካ አብዮት ነው፣ እንግሊዝን ሲቃወሙ» አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

«አባዬ፣ ዓመተ ምሕረቱን አየኸው?»

1754 ይላል። አብዮቱ ሊነሳ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ይቀረዋል። ለካ የጋዜጣ አሳታሚው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋዜጣው ላይ ያወጣው በአሜሪካ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ተባብረው ፈረንሳይን እንዲመክቱ ነው። በእንግሊዝ ላይ ያዞሩት ኋላ ነው።

መሳሳቴስ ይሁን። ያበሸቀኝ ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ጭራሽ መልስ አይፈልግም! መጀመሪያ ዓይንሽ ያረፈው የት ላይ ነው? ምን ተጋነነ? እባቡ ለምን ተቆረጠ? ሰዓሊው ማንን ሊያሳምን ነው? በሐሳቡ የማይስማማ ሰውስ ምን ይል ነበር? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ነገር የለም። እኔ «መልሱ የቱ ነው?» እያልኩ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሳይ ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

እኛ ፖለቲካን እንዴት እንደተማርነው ታውቁታላችሁ። ዴሞክራሲ ማለት «ዴሞስ» እና «ክራቶስ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ሲሆን… አሁን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ አንድ ቃል ሳልስት እወጣዋለሁ። ግን ሰምና ወርቅ ስንፈታ አድገን አንድ ሥዕል ፊት ደርቀን መቅረታችን ምን ይባላል? ካርቱን እኮ ቅኔ ነው። እባቡ ሰም፣ ተለያይታችሁ ታልቃላችሁ የሚለው ወርቅ።

ግብዓት የለንም እንዳትሉኝ ደግሞ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ካርቱን የሚነበብባቸውን አምስት ዘዴዎች ለመምህራን በነፃ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል፦ ምልክት፣ ማጋነን፣ በሥዕሉ ላይ ስም መጻፍ፣ ማመሳሰል፣ ምፀት። ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃዋል።

ልጄ ትምህርት ቤትም ቢሆን ግን ሁሉ ወርቅ አይደለም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ትዊድ የሚባል የኒው ዮርክ ፖለቲከኛ ነበር፣ የከተማዋን ካዝና ያራቆተ። ከእስር አምልጦ ስፔን ሲገባ በ1876 የተያዘው ቶማስ ናስት በሳለው ካርቱን መልኩን ለይተውት ነው። ደስ የሚል ታሪክ። ግን የዛሬዎቹ ፖለቲከኞችስ የታሉ? ስጠይቃት «ወላጆች ስለሚጣሉ መምህራችን አያመጣም» አለች። ከመቶ ዓመት በፊት በሞተ ሰው መሳቅማ ማን ያቅተዋል!

እኔ እንኳ በሕይወት ያለ ሰው ነበር የሳልኩት። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ዳይሬክተራችንን መነጽር ያጠለቀ ፍየል አድርጌ ደብተሬ ላይ ሳልኩት። መምህሩ ነጠቀኝ፣ አየው፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዞሮ ኮስተር አለና «ውጣ! ወላጅ አምጣ!» የግማሽ ዓመት የባዮሎጂ ኖቴ እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር።

ልጄ «ይመስል ነበር?» አለችኝ።

ቁርጥ እሱን! ደብተሬን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።