የጎጃም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የማን ደቀ መዝሙር ነው?

አሜሪካዊው ግሬግ ፖፖቪች በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ከተባለው የቅርጫት ኳስ ክለብ አሰልጣኝነት ሲነሳ ዜናው ጎጃምም ደርሷል። ባስኬት የሚወዱ ልጆች በስልካቸው ተቀባበሉት። የተቀባበሉት ቁጥሩን ነው። በመደበኛው ውድድር 1,422 ድል፣ 5 ዋንጫ፣ 29 የውድድር ዘመን በአንድ ክለብ። በኤንቢኤ፣ ማለትም በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ታሪክ፣ በድል ብዛት የሚስተካከለው አሰልጣኝ የለም። ቁጥሩ በእውነት ያስደንቃል። እኔ ግን ልጆቹም፣ አሰልጣኞቻቸውም፣ በተለይ ደግሞ የስፖርትና የትምህርት ኃላፊዎቻችን እንዲያዩት የምፈልገው ሰውየው እዚያ የደረሰበትን መንገድ ነው።

ፖፖቪች ዋና አሰልጣኝነትን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና-ፒትዘር በሚባል የትንንሽ ኮሌጆች ቡድን ነው። እዚያ ለስፖርተኛ ስኮላርሺፕ የለም። ተጫዋቾቹ ለትምህርት የመጡ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት 2 ጨዋታ አሸንፎ 22 ተሸነፈ። እኛ ዘንድ ቢሆን ሁለተኛ ዓመት የሚሰጠው አይመስለኝም። እነሱ ግን ታገሡት። በ1986 ቡድኑን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገው። ኮሌጁ እንዲህ ያለ ድል ካየ 68 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው ይበልጥ የሚገርመኝ። ሻምፒዮን በሆነ ማግስት የአንድ ዓመት ፈቃድ ወሰደ። ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ላሪ ብራውን ከሚባለው አሰልጣኝ ጎን በበጎ ፈቃድ ረዳትነት ተቀመጠ። የራሱ ቡድን ያለው፣ ዋንጫ ያነሳ ሰው፣ እንደገና ተማሪ ሆነ። ብራውን በ1988 ወደ ሳን አንቶኒዮ ሲሄድ ፖፖቪችን ረዳቱ አድርጎ ይዞት ሄደ። ፖፖቪች ዋናውን ቦታ የያዘው ግን በ1996 መጨረሻ፣ በ47 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ዋንጫ የመጣው በ1999 ነው። ከፖሞና ከተነሳን 20 ዓመት መሆኑ ነው።

ላሪ ብራውንስ ከማን ተማረ? ሰሜን ካሮላይና ላይ በዲን ስሚዝ ሥር ተጫውቷል። ስሚዝ ራሱ የካንሳስ ተጫዋች ሳለ አሰልጣኙ ፎግ አለን ነበር። አለን ደግሞ የጄምስ ኔይስሚዝ ተማሪ ነው። ኔይስሚዝ ማለት እ.ኤ.አ. በ1891 ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ፣ 13 ሕግ ጽፎ ይህን ጨዋታ ያስጀመረው የስፖርት መምህር ነው። በእሱና በፖፖቪች መካከል ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ኔይስሚዝ በካንሳስ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ተማሪው አለን ግን እዚያው ካንሳስ 39 የውድድር ዘመን አሰለጠነ። አንዳንድ አሰልጣኝ የሚመዘነው በዋንጫው ብቻ ሳይሆን ከኋላው በተከተሉት ሰዎችም ነው።

ጎጃም ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በቅኔ ትምህርታቸው የታወቁት ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሲያወጣና ሲያወርድ አምሽቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ የኔታ ያርሙታል። በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ እያለ መወድስ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ላይ ይደርሳል። ቤት ሞልቶ እንኳ ወዲያው ወንበር ዘርግቶ ማስተማር አይጀምርም። ታናናሾቹን ያስነግራል። ወደ ሌላ ደብር ተሻግሮ የሌላ መምህር መንገድ ያያል። ተመርቆ ሲወጣ የማን ደቀ መዝሙር እንደሆነ ቢጠየቅ መልስ አለው፤ መልሱም ክብሩ ነው። ፖፖቪች ከብራውን ጎን የተቀመጠበት ዓመት ከዚህ በምን ይለያል? በቅኔው ለዘመናት ያወቅነውን ነገር በሜዳው ላይ አላደረግነውም።

እኛ ዘንድ ቅርጫት ኳስን ይዞ ያቆየው ከሁሉም በላይ ትምህርት ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ ወይም ባሕር ዳር ሂዱ፤ ልጅ ኳስ የሚለምደው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ሜዳው ሲሚንቶ ነው። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ መረብ የለውም። አሰልጣኙ የስፖርት መምህሩ ነው። ቀን ክፍል ያስተምራል፤ ትምህርት ሲያልቅ ቡድኑን ያሠራል። ኳስ የሚነፋው እሱ ነው። ሴት ልጃቸውን ለውድድር አልልክም ያሉ ወላጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚለምነው እሱ ነው። ዳኛ ሲጠፋ ፊሽካውን የሚይዘውም እሱ ነው።

ሃያና ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች ብዙ ነገር ያውቃሉ። በሁለት ኳስ ሃያ ልጅ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ። ዝናብ ባረጠበው ሲሚንቶ ላይ ሌይ-አፕ (ወደ ቀለበቱ እየሮጡ ማስቆጠር) ሲለማመድ ጉልበቱ እንዳይጎዳ ልጁን የት እንደሚያስቆሙት ያውቃሉ። ቁመቱ ብቻ የሚታየውን ልጅ ጨዋታ ከሚያነበው አጭር ልጅ ይለያሉ። ድሀ ቤት ያለውን፣ ምሳ ሳይበላ የመጣውን፣ ዛሬ ማስሮጥ የማይገባውን ያውቃሉ። ይህ እውቀት በየትኛውም የስልጠና ሰነድ ላይ አልተጻፈም። ያለው በሰዎቹ ውስጥ ነው። ልክ እንደ ቅኔው ከአፍ ወደ ጆሮ፣ አብሮ ቆሞ በማየት ነው የሚተላለፈው።

ታዲያ ምን እናደርጋቸዋለን? 60 ዓመት ሲሞላቸው የጡረታ ደብዳቤ እንሰጣቸዋለን። ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በምትካቸው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ይመደባል። ወጣቱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን ከእሳቸው ጋር አንድ ልምምድ አብሮ አልቆመም፤ ከዜሮ ይጀምራል። ፖፖቪች አምስተኛውን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያነሳ 65 ዓመቱ ነበር። በኛ ሕግ ቢሆን ያኔ ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል።

የሁለትና የሦስት ቀን የአሰልጣኞች ስልጠና አልፎ አልፎ ይኖራል። አልጠላውም፤ ሕግ ሲቀየር፣ አዲስ ዘዴ ሲመጣ ይጠቅማል። ሰርተፊኬት ግን መምህርን አይተካም። አሰልጣኝ የሚሠራው ሌላ አሰልጣኝ ሲሸነፍ፣ ሲቆጣ፣ ተጫዋች ሲቀይር፣ የሚያለቅስ ልጅ ሲያጽናና ከጎኑ ሆኖ በማየት ነው።

የሴቶቹን ነገር ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። ፓት ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1974 የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ስትረከብ 22 ዓመቷ ነበር። ደሞዟ በወር 250 ዶላር ነው። የተጫዋቾቹን ማልያ ራሷ ታጥብ ነበር፤ የጉዞውን መኪናም ራሷ ትነዳ ነበር። 38 ዓመት ቆይታ 1,098 ጨዋታ አሸነፈች፤ 8 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነች። የአጀማመሯ ታሪክ ለጎጃም የስፖርት መምህራን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሷን ቦታው አልለቀቃትም፤ አብሯት አደገ። እዚህ በትምህርት ቤት ቡድን ያበራች ልጅ 12ኛ ክፍል ስትጨርስ ኳስም ያበቃል። ረዳት አሰልጣኝ ሁኚ ብሎ የሚጠራት የለም። ፖፖቪች እ.ኤ.አ. በ2014 ቤኪ ሃሞንን በረዳትነት ሲወስዳት በኤንቢኤ በሙሉ ጊዜ ደሞዝ የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት አሰልጣኝ ሆነች። ኋላ የላስ ቬጋስን ቡድን ይዛ የሴቶቹን ሊግ ዋንጫ አነሳች። አንድ አንጋፋ ሰው በሩን ስለከፈተ ነው።

ምሳሌው ሁሉ ከአሜሪካ ነው የሚለኝ ካለ ወደ ደቡብ ሱዳን ይመልከት። ከብዙ ጦርነት የወጣች ጎረቤታችን ናት። በፓሪሱ ኦሊምፒክ ዋዜማ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም.፣ ለንደን ላይ አሜሪካን ገጥማ 101 ለ100 ነው የተሸነፈችው። ከዚያ ቡድን ጀርባ ያለው ሉዎል ዴንግ ልጅ ሳለ ግብጽ ውስጥ በስደት ነበር። ኳስ ያስተማረው በኤንቢኤ ተጫውቶ ያለፈው የአገሩ ልጅ ማኑት ቦል ነው። እዚያም አንዱ ሌላውን ይዞ ነው የመጡት።

የኛ ጊዜ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግጭቱ በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። ልጆች ከክፍል ርቀዋል፤ መንገድ አይታመንም። በዚህ ሰዓት ስለ ባስኬት ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሜዳው ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ያዩትን ልጆች ሰብስቦ፣ በሕግ አጫውቶ፣ ተሸንፈው እንዲጨባበጡ የሚያደርግ ሰው። ያ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። አሁን ያሉት አንጋፋዎች እያረጁ ነው፤ አንዳንዶቹም በሕይወት የሉም።

የምጠይቀው አዲስ ስታዲየም አይደለም። አዲስ የተመደበ የስፖርት መምህር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከአንጋፋ አሰልጣኝ ሥር በረዳትነት ይሥራ፤ ይህም የሥራው አካል ሆኖ ይቆጠርለት። ቡድን ለውድድር ሲጓዝ የረዳት አሰልጣኝ ወጪ አብሮ ይያዝ፤ ካለፉት ተጫዋቾች አንዷ ሴት በዚያ ቦታ ትሂድ። የቡሬው መምህር እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ የሌላውን ልምምድ የሚያይበት ፈቃድ ያግኝ። ጡረታ የወጡት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ይመለሱ። ለዚህ የሚያስፈልገው የዞን ትምህርት መምሪያ ደብዳቤ፣ የትራንስፖርት ገንዘብና ከሜዳው ጠርዝ የሚቀመጥ አንድ ወንበር ነው። ትምህርት በሚሰጥባቸው ከተሞች ከመጪው መስከረም መጀመር ይቻላል።