«ስንወጣ ጠብቀኝ» ለተባለ ልጅ ምን መልስ አስተማርነው?

ደሴ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ «ስንወጣ ጠብቀኝ» የሚለውን ዛቻ ያውቀዋል። በእረፍት ሰዓት በእርሳስ ወይም በመቀመጫ ምክንያት የተነሣ ጭቅጭቅ የመጨረሻው ደወል እስኪደወል ታፍኖ ይቆይና፣ ከግቢው በር ራቅ ብሎ መምህራን በማያዩት ቅያስ፣ ክብ ሠርተው በሚጮኹ ልጆች መካከል ይፈነዳል። ባለፈው ዓመት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የጎረቤቴ ልጅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መጣ። ነገሩን ሳጣራ፣ አንድ የክፍል ጓደኛው በማይወደው ቅጽል ስም ሲጠራው ሰንብቶ፣ በዚያን ዕለት ክፍሉ በሙሉ ሲስቅበት መጀመሪያ ቡጢ የሰነዘረው እርሱ ነበር። ስቆጣው «ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። የምር እየጠየቀኝ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ሳስተምር የኖርሁት እኔም ወዲያው የምሰጠው መልስ አጣሁ።

ይህ ልጅ የግብረገብ ትምህርት ይማራል፤ ስለ መከባበርና ስለ ትዕግሥት ተፈትኖም ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ቀደም ሲል የነበረው የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርትም ከፍትሕና ከእኩልነት እስከ ቁጠባ ድረስ 11 እሴቶችን ይዞ ነበር። በመጻሕፍቱ ይዘት ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ስለ ትዕግሥት ማወቅና ሲሰደቡ መታገሥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ዋና የቻለው ታላላቆቹን አይቶ፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ደጋግሞ ሞክሮ፣ ሲሳሳት «እጅህን እንዲህ አድርግ» ተብሎ ነው። ከእኩዮች ጋር መኖርም በዚሁ መንገድ የሚለመድ ሙያ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶቻችን እንደ ሒሳብ መልመጃ ደጋግመው ሊያሠሩት ይገባል እላለሁ።

ከዚያ ልጅ ጋር በራችን ላይ ተቀምጠን ሞከርነው። እኔ ቅጽል ስሙን እየጠራሁ አሾፍሁበት፤ እርሱ «በስሜ ጥራኝ፤ ያ ስም አይመቸኝም» ብሎ፣ ሳይጮኽና ሳያቀረቅር ተናግሮ እንዲሄድ ተስማማን። መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ቁጣ ገባበት፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሙከራ ግን ረጋ ብሎ ወጣለት። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ልጆቻችን ታላቅ ሲናገራቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት እንዲጥሉ አድርገን ነው ያሳደግናቸው፤ ይህም ጨዋነት ነው። ነገር ግን ልጁ እኩያው ፊትም እንዲሁ ሲያቀረቅር ሌላው እንደ ፈራ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣ መመሪያ ተርጉሞ ማደል አይበቃም፤ ለማን እንዴት እንደሚነገር የሚያውቁት የእኛው መምህራን ናቸው።

በወሎ የምሳ ዕቃ አብሮ መክፈት ራሱን የቻለ ትምህርት የሚጠይቅ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሥጋ ይዞ ሲመጣ ሌላው አይበላውም፤ አንዱ ሲጾም ሌላው ፍስክ ነው። ወላጆቻቸው በሠርግና በለቅሶ ሁለት ዓይነት ምግብ አሰናድተው አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጥን ያውቁበታል። ልጁ ግን «አልበላም» ብሎ ፊቱን ካዞረ ጓደኛው ይቀየማል፤ ካፈረ ደግሞ ሳይወድ ይበላል። «እኔ ጾም ነኝ፤ አንተ ብላ፤ አብሬህ እቀመጣለሁ» ማለት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አስቀድሞ ያልተለማመደው ልጅ በዚያች ቅጽበት አይመጣለትም።

የቤት ሥራ አላስገለብጥም ያለ ተማሪም «ንፉግ» ይባላል። አንድ ለአምስት ስናደራጃቸው ጎበዙ ሌሎቹን እንዲረዳ አዘዝነው እንጂ በማስረዳትና በማስኮረጅ መካከል ያለውን ልዩነት በምን ቃል እንደሚገልጽ አላሳየነውም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ማሳበቅንና ማሳወቅን መለየት ነው። የክፍል አለቃው የረበሹትን ስም እየጻፈ ለመምህር እንዲያቀርብ እናደርጋለን፤ ሌሎቹም ለአዋቂ መናገር ሁሉ ሰባቂነት ነው ብለው ይደመድማሉ። ስለዚህ እውነተኛ ጉዳት ሲደርስ እንኳ ዝም ይላሉ። ጓደኛን ለማስቀጣት መናገርና የሚጎዳን ልጅ ለማዳን መናገር አንድ እንዳልሆነ በምሳሌ እየተሠራ መታየት አለበት።

ያ ክብ ሠርቶ የሚጮኸው ልጅ ሁሉ ጨካኝ ነው ብዬ አላምንም። በካናዳ በትምህርት ቤት ሜዳዎች የተቀረጹ ምስሎችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ እኩዮች ጣልቃ የገቡት በ19 በመቶው የጥቃት አጋጣሚ ብቻ መሆኑን፣ ሲገቡ ግን ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ መቆሙን አሳይቷል። ከተመልካቾቹ አንዱ «ተው፣ ና እንሂድ» ብሎ ክንድ ቢይዝ ብዙ ይለወጣል ማለት ነው። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አበጋሮች የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አዳምጠው ደም እስከ ማድረቅ የሚደርሱበት አገር ነው። ነገር ግን ሽምግልናው የአዋቂዎች ጉባኤ ስለሆነ ልጆች ፍጻሜውን ይሰማሉ እንጂ አካሄዱን አያዩም። «ወሎ የፍቅር አገር ነው» እያልን ፍቅሩ በደም የሚወረስ አስመስለነዋል።

በተለይ አሁን በዚህ መተማመን አይቻልም። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ተዘጉ፤ ጦርነቱ ወልድያን፣ ቀጥሎም በ2014 መጀመሪያ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰ። ያን ጊዜ ፊደል ይቆጥሩ የነበሩ ልጆች ካመለጣቸው ትምህርት ጋር የእረፍት ሰዓቱና የሜዳው ጨዋታም አምልጧቸዋል፤ ብዙዎቹም በሽሽት ዓይተው የማያውቁት ሰፈር ውለው አድረዋል። የንባብ ክፍተታቸውን ለማካካስ ስንደክም ይኼኛውን ክፍተት ረስተነዋል።

መምህራን «ጊዜ የለንም፣ ክፍሉም ተጨናንቋል» ሲሉ እውነታቸውን ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ 213 መርሐ ግብሮችንና ከ270 ሺሕ በላይ ተማሪዎችን የሸፈነ ግምገማ፣ እንዲህ ያለውን ሥልጠና የክፍሉ መምህር ራሱ ሊሰጠው እንደሚችልና የተማሪዎቹም የትምህርት ውጤት እንደሚሻሻል አረጋግጧል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፦ የሚደበደብን ልጅ ወይም በመንገድ የምትለከፍን ልጃገረድ «አነጋገርሽን አሳምሪ» ብሎ መተው በደል ነው፤ እዚያ ጣልቃ መግባት ያለበት አዋቂ ነው። ለዕለት ተዕለቱ ግን የሆምሩም መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። አብዛኛው ዴስክ ሦስት ልጅ ስለሚያስቀምጥ፣ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ሦስተኛው ይታዘባል፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ቅጽል ስም ቢሆን ጥሩ ነው፤ እርሱ የሌለበት ክፍል አላጋጠመኝም።