ክፍያው ባለበት መቆየቱ የአመራረጡን ጥያቄ አይመልስም
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ገዥ የነበሩት ፖለቲከኛ አቶ ሚች ዳኒየልስ በዚያው ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው የትምህርት ክፍያ እንዳይጨምር ማድረጋቸውን ጠቅሰው «ፖለቲከኛ ከምሁር የተሻለ ዩኒቨርሲቲ ይመራል» ማለታቸው ማስረጃቸው ከሚፈቅደው በላይ የሄደ ድምዳሜ ነው። የኢንዲያና ነዋሪ የሆኑ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች ሆኖ መቆየቱ እውነት ነው፤ ለወላጆች እፎይታ የሰጠ ሥራ በመሆኑም ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሬዚዳንት አድርገው የመረጧቸው የቦርድ አባላት፣ እርሳቸው የግዛቲቱ ገዥ ሳሉ የሾሟቸው ወይም ሹመታቸውን ያደሱላቸው ሰዎች እንደነበሩ ጽሑፉ ሳያነሣ አልፏል። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት ወንድሜ «ውጤቱ ካማረ አመራረጡ ምን ያደርጋል?» ብለው ጠይቀዋል፤ እዚህ አዳማ በማስተማር ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ብዙ ያደርጋል እላለሁ። መምህራን ፕሬዚዳንታቸው በማን ፈቃድ ወንበሩን እንዳገኘ ሲያውቁ፣ በሴኔት ስብሰባ የትኛውን ሐሳብ እንደሚያነሡና የትኛውን እንደሚውጡት የሚወስኑት ያንን አስበው ነው፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም የበጀት ሪፖርት ላይ የማይታይ፣ ነገር ግን የተቋሙን ነፍስ የሚጎዳ ነገር ነው። ፖለቲከኛ መሆን በራሱ ነውር ነው አልልም፤ በጀት የማስፈቀድና ከመንግሥት ጋር የመደራደር ልምድ ለእኛም ዩኒቨርሲቲዎች በእጅጉ ያስፈልጋል። የምጠይቀው፣ ከፖለቲካ የሚመጣ እጩ እንደማንኛውም ተወዳዳሪ ዕቅዱን በመምህራንና በተማሪዎች ፊት እንዲያቀርብ፣ የሚመርጡትም እርሱ ሹመት ያልሰጣቸው ሰዎች እንዲሆኑ ነው።